ለደንዲዋ ጀልባ አንድ ሞተር ወይስ ሁለት

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም ሮብሳን፣ ባቱ፤

አካም ጂርታ? ፈያዳ? ሙቀቱና ትንኙ እንዴት አድርጎሃል? ያ የሚያምህ ወገብህስ ተሻለህ? ሞተር ብቻህን አታንሳ ብዬህ ነበር፤ መቼም አትሰማም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ብርዱ ጉልበቷን ይነካታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው፤ በእኔ ስታሾፍ ትውላለች።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ሌላውን አውርቼ ዘጋሁ። አንተ ስትስቅ የያዝኩት ሐሳብ ይጠፋብኛል። ደብዳቤ ይሻላል አልኩ፤ ተናደህ ብትቀደውም አላይህም።

ነገሩ የጀልባችን ሞተር ነው። ጀልባዋ አልቃለች። በሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ላይ ወለል ተነጥፎባት፣ አግዳሚ ወንበርና ጣሪያ ተሠርቶላት ሐይቁ ዳር ቆማለች። ነጂዋም እኔ ነኝ። «አንድ ጠንካራ ሞተር ይበቃል፤ ሁለት ማለት ሁለት አፍ መቀለብ ነው» ብለህ እዚያ ባቱ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሥራ ባየኸው ስትመክረን፣ የጀልባ ማኅበራችን ፊት ቆሜ ቃልህን ያደረስኩት እኔው ነበርኩ። ቤንዚን ከጊንጪ በጀሪካን ስለሚመጣ ሁሉም ልክ ነው አለ። ሊቀ መንበራችን ኦቦ ሌንጂሳ ብቻ ሁለት ይሁን ብለው ድርቅ አሉ። ምክንያታቸውን ብትሰማ! ቅሬታ እንዳይነሳ አንዱን ሞተር የወዲህ ዳር ልጅ፣ ሌላውን የወዲያ ማዶ ልጅ ይንዳው ነው የሚሉት። ኦቦ፣ እንደዚያማ ከሆነ ጀልባዋ እዚያው ስትሽከረከር ትውላለች ስላቸው ሰው በሳቅ ሞተ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳቁ ቀረ። አምቦ ሞተር የሚጠግነው ታምራት አንድ ሞተር ተውሶ አመጣልንና ለሙከራ አሥራ አራት ሰው ይዤ ወጣሁ። እማዬም ማዶ ለቅሶ ልትደርስ አብራን ነበረች። ጠዋት ስንሄድ ሰላም ነበር። ከሰዓት ስንመለስ ነፋሱ ተነሳ። ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባዋ ግን ፈቀቅ አትልም፤ ጭራሽ ነፋሱ ጣሪያዋን ይዞ ወደ ጎን ይገፋታል። ከዚያ ሞተሩ ተንተፋተፈና ጸጥ አለ። የማስነሻ ገመዱን ብጎትት ብጎትት እምቢ! ሸምበቆ ውስጥ እስክንወተፍ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ተንሳፈፍን። ሰው ሁሉ ማርያምን ይጠራል፤ እኔ መጥራትም አቅቶኝ እማዬን ብቻ አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ታምራት ሲፈትሸው ቤንዚኑ ቆሻሻ ይዞ ነበር፤ እሱስ ጸዳ። የጉልበቱ ነገር ግን ሌላ ነው። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቆላ የሚፈነጭ ሞተር እዚህ ትንፋሽ ያጥረዋል አለኝ። ባቱ ከእኛ እጅግ ዝቅ ያለ አገር ነው፤ ይህን አንተም እኔም አላሰብነውም። እማዬ ግን «ልጄ የሚያውቀው የራሱን ሐይቅ ነው» ብላ በአንድ ቃል ጨረሰችው።

ሦስት ቀን አወጣሁ አወረድኩ። ሁለት ሞተር ብዙ ይጠጣል፣ ጥገናውም እጥፍ ነው፤ አልካድኩም። ግን ለየራሳቸው የቤንዚን ጋን ካላቸው አንዱ እምቢ ሲል ሌላው እያዘገመም ቢሆን ዳር ያደርሳል። ሁለቱም በአንድ መሪ፣ በአንድ ነጂ። ትናንት ማኅበሩ ፊት «ወንድሜ የመከረን ለዚህ ሐይቅ አይሆንም» አልኩ። ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማው ብዬ ነው።

የጨነቀኝ ይህ ብቻ አይደለም። ለእኛ ብለህ ሞተር መግዛትህን፣ እሱን ይዤ ነው አገሬ የምገባው ማለትህንም አውቃለሁ። ባዶ እጄን አልመጣም እያልክ አራት ዓመት ሞላህ። አሁን ሁለቱ ሞተሮች እኩል ጉልበት ያላቸው መንታ መሆን ስላለባቸው ያንተ አይሆንም ስል በር የዘጋሁብህ እንዳይመስልህ እፈራለሁ። ሞተሩን እዚያው ሽጠው፣ ካልሆነም ለዓሣ አጥማጆቹ ተውላቸው። አንተ ግን ለልደት ና። ባዶ እጅህን ና።

ታናሿ አያንቱ ስምንተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ አልፎኛል፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። ኦቦ ሌንጂሳ «ናጋ» ይሉሃል፤ ሁለት ሞተር በመባሉ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚሄዱት። ታምራትም ሰላም ብሎሃል። እማዬ አጠገቤ ሆና ይህን ጻፊልኝ ትላለች፦ «ማዶ ከሆነ ጀልባ ባይኖርም ሐይቁን ዞሬ በእግሬ እሄዳለሁ። እሱ ያለበት ግን በእግሬ አልደርስም፤ እሱ ይምጣልኝ።»

እህትህ ጃለኔ
ደንዲ ሐይቅ ዳር፣ ምዕራብ ሸዋ
ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.