ሎሚና የእንቁላል ቅርፊት

ጥር 9 ቀን 1970፣ ማክሰኞ ጠዋት

ውኃ ቀድቼ ጨረስኩ። ከዓሣው ገንዳ በባልዲ ወደ አትክልቱ ሣጥኖች፤ በጠጠሩ ተጣርቶ ተመልሶ ወደ ገንዳው። ዓሦቹ ከታች ተኝተዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አደንዝዟቸዋል። ፉርሽካ በተንኩላቸው፣ አንዱ ብቻ ብቅ አለ።

ሰላጣው ታሟል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቢጫ ነው፣ የቅጠሉ ጅማት ብቻ አረንጓዴ። የታችኞቹ፣ ያረጁት፣ ደህና ናቸው። ለምን ላዩ ብቻ? ለዓሦቹ ፉርሽካ አበዛሁ፤ ውኃው ሸተተ እንጂ ምንም ለውጥ የለም።

የዓሣ ውኃ ያለ አፈር አትክልት ያበቅላል ያለችኝ ባለቤቴ ይርገዱ ናት። የእርሻ አስተማሪ ናት። ስትጀምረው ስቄባታለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ክርና መቀስ ነው የማውቀው። ከት/ቤት ከወሰዷት ወዲህ የገንዳው ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። መጻሕፍቷን በፍተሻው ቀን ጭነው ሄደዋል።

ዛሬ እስር ቤቱ ስንቅ የሚቀበሉበት ቀን ነው። ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ስንቁ ውስጥ ጽሑፍ ከተገኘ ለእሷም ለእኔም አይበጅም። አንድ የታመመ ቅጠል ከእንጀራው ላይ አደርጋለሁ። ጠባቂው ሰላጣ ነው ብሎ ያሳልፋል። እሷ ግን ታየዋለች።

ጥር 12፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ትናንት ጥምቀት ነበር። ታቦት ሲያልፍ በአጥር ቀዳዳ አየሁ፣ አልወጣሁም።

የማክሰኞው ምሳ ዕቃ ዛሬ ተመለሰልኝ። ሁልጊዜ ታጥቦ ባዶውን ነው የሚመጣው። ዛሬ ውስጡ ግማሽ ሎሚ አለ፣ ለጉሮሮዋ ከላክሁት። አልተጨመቀም። መሐሉ ላይ ጠጠር ተወሽቆበታል። ቅጠሌ ተጠቅልሎበታል።

አለች። ማስታወሻዬ፣ በሕይወት አለች።

ለእማማ ጥሩነሽ አሳየኋቸው። እናቷ ናቸው፤ እሷ ከታሰረች ወዲህ ከቁስቋም ወርደው እኔ ዘንድ ነው ያሉት፣ ስንቁን የሚያበስሉት እሳቸው ናቸው። ሎሚውን ተቀብለው ሳሙት። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ጥር 14፣ እሑድ

ገባኝ። ከመታሰሯ በፊት አንድ ጠጠር ሻጭ በር ላይ መጥቶ፣ ጠጠሩ ላይ ሎሚ ጨምቃ፣ አረፋ ሲያወጣ ሸቀጡን መልሳበታለች። ያኔ ሰውየው ፊት አፍሬ ነበር።

ወደ ሣጥኖቹ ሄጄ ጨመቅሁ። ቀዩ ድንጋይ ላይ ምንም። ነጩ ላይ ግን አረፋ ወጣ፣ ቺስ አለ። ነጩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጠጠሩ ሲጎድል ከአንድ ግንባታ ሥር ለቅሜ። ኖራ አለበት። ውኃው ኖራ ሲበዛበት ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የብረት ማዕድን እዚያው እያለ ተክሉ ሊጠጣው አይችልም ስትል ሰምቻለሁ መሰለኝ።

ቀኑን ሙሉ ነጩን ለቅሜ አወጣሁ፣ በቀይ ተካሁ። ቀዩ አልበቃም። በር አጠገብ ያለው ሣጥን እንደነበረ ቀረ። ጣቶቼ ደምተዋል፤ ነገ እንዴት መርፌ እንደምይዝ እንጃ። ዛሬ ግን ደስ ብሎኛል። ደስታ የት እንደሚቀመጥ ረስቼው ነበር።

ጥር 30፣ ማክሰኞ

አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ወጣ። አንዱን ቀንጥሼ ላክሁላት፣ ትየው።

አብሬ ሌላም ላክሁ። የቆስጣው አሮጌ ቅጠሎች ዳር ዳራቸው እየተቃጠለ ነው፣ ቡናማ፣ ካውያ እንደለበለበው ጨርቅ ጠርዝ። ይኸኛው ከታች ነው የሚጀምረው። ሌላ በሽታ መሆን አለበት።

ማታ ሰፈሩ ውስጥ ተኩስ ነበር። ጠዋት ማንም ስለሱ አያወራም። የቀበሌው ሰው የካኪ ልብስ ትእዛዝ አመጣ፤ ለአብዮት ጥበቃዎቹ ነው። እሺ አልኩ። እምቢ ይባላል?

የካቲት 3፣ ዓርብ

ማክሰኞ የላክሁት ሙዝ ልጣጭ ተመለሰ። ሌላ ምንም የለም። ቅጠሎቹም አልተመለሱም።

መልስ ነው ወይስ ቆሻሻ? እማማ ልጄ ቆሻሻ በዕቃ አትመልስም አሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ያዝኩ። ልጣጩን ቆራርጬ ዘፈዘፍኩ፣ ውኃውን ትንሽ ትንሽ ለቆስጣው እየሰጠሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የሚታጠብ ልብስ መውጣቱ ቀርቷል። ጠባቂውን ጠየቅሁት። ልጅ እግር ነው፣ ክፉ አይደለም። ፊቴን ሳያይ፣ ራሷ ታጥብ ይሆናል አለኝ። ውኃ ከየት አምጥታ?

የካቲት 14፣ ማክሰኞ

ቆስጣው ተሻለው። የተቃጠለው አይድንም፤ አዲስ የሚጎለምሰው ግን ዳሩ ንጹሕ ነው። ልጣጩ ሠራ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዛሬ የማላደርገውን አደረግሁ። ፈተንኳት። ከበሩ አጠገብ ካለው፣ ነጭ ጠጠር ከቀረበት ሣጥን፣ ቢጫ ቅጠል ቆርጬ ላክሁ። መልሱን አስቀድማ የነገረችኝን። ምግቡ ላይ ሎሚም ሙዝም የተቀቀለ እንቁላልም ጨመርኩ። ትምረጥ። ሎሚ ካልመጣ

አልጽፈውም።

የካቲት 17፣ ዓርብ

የእንቁላል ቅርፊት። ተፈጭቶ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ በጥንቃቄ።

የእንቁላል ቅርፊት ኖራ ነው። በሎሚ ያስወጣችውን ኖራ ተመልሳ አታስገባም። ይርገዱ በጨለማ፣ በረሃብ፣ በትኩሳት ውስጥ ብትሆን ይህን አትስትም።

ለእማማ ግን «መልካም ነው፣ መልስ መጥቷል» አልኳቸው።

የካቲት 19፣ እሑድ ከሰዓት

ሴት መጣች። በሩን በቀስታ አንኳኳች። እማማ ቤ/ክ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወ/ሮ አመለወርቅ ትባላለች። ትናንት ነው የፈቷት። ውኃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችውም። ከይርገዱ ጋር አንድ ክፍል ነበርኩ አለች።

ሞታለች አይደል አልኳት።

«ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ጠርተው ወሰዷት፤ አልተመለሰችም» አለች። «ሎሚውን የላከችው እሷ ናት። ስትልከው ስቃለች፤ ባሌ ነጭ ድንጋይ አምጥቶ ነው ብላ።»

ሌላውስ አልኩ።

«ሌላው እኛ ነን። ስንቅ ሲመጣ ስሟ ይጠራል። መጀመሪያ ቀን አንዷ ሳታስበው አቤት አለች። ዘመድ የሌለን አለን፣ የሚያመጣልን ሰው የሌለን። የእርስዎ ምግብ ከቆመ...» የውኃውን ብርጭቆ ገፋ አደረገችው። ቀጥላ፣ «ቅጠሉ ሲመጣ መልስ እንደሚጠብቁ ገባን። ዝም ብንል ያውቃሉ። አንዷ ሙዝ አለች፣ አንዷ ቅርፊት። ቅርፊት ያለችው የገጠር ልጅ ናት፣ እናቷ ጎመን ሥር ትጥለው ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ተናደድኩ። ማስታወሻዬ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያች ሰዓት ልመታት ነበር። የሟች ሚስቴን ጉርሻ በልተው፣ በስሟ አቤት ብለው። ተነስቼ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ስመለስ እዚያው ቁጭ ብላለች፣ እንድመታት የምትጠብቅ ይመስል።

እንጀራ አቀረብኩላት። ሁለታችንም አልበላንም።

የካቲት 20፣ ሰኞ

ለእማማ ነገርኳቸው። ሁሉንም።

አልጮኹም። ጎረቤት ይሰማል፣ ለቅሶ ከተሰማ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። እኔ ግድግዳውን አያለሁ።

በኋላ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም አልኳቸው። በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «አርባዋ እየደረሰ ነው» አሉ።

ድንኳን መጣል አይቻልም። ቄስ መጥራትም አይቻልም። አስከሬንም የለንም። ይህን ልነግራቸው ስል ቀደሙኝ።

«ተዝካር የነዳይ ነው ልጄ። መብላት የሚጀምሩትም ያላቸው ሳይሆኑ የሌላቸው ናቸው። እዚያ ውስጥ ያሉት ይብሉላት።»

እነሱ እኮ ዋሽተውናል አልኳቸው።

«ተርበው ነው» አሉ። ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ቆስጣውን እየቀነጠሱ ነው። ደህናውን ከታመመው እየለዩ ነው። በመስኮት ይታዩኛል፤ እጃቸው አላቆመም።

ነጩ ጠጠር ያለበትን ሣጥን ዛሬ እገለብጠዋለሁ። ለነገው ትልቁን ምሳ ዕቃ አውጥቼ አጥቤያለሁ። ከእንግዲህ ቅጠል አልክም፣ ምግብ ብቻ።

ነገ ማክሰኞ ነው። እሄዳለሁ። ጠባቂው ለማን ነው ሲለኝ፣ ለይርገዱ እላለሁ።