ኤን ላኻጽ

እስራኤል፣ አሽቀሎን፣ አቲቆት ሰፈር
ጥቅምት 1999 ዓ.ም.

ጋሼ ጀምበሬ፣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ጎንደር ደጅህ ይድረስ። እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴ ፋንታነሽም እጅ ትነሳለች።

እስከ አሥር ዓመቱ አንተ ያሳደግኸው ልጄ ይሁዳ የእሽቅድምድም መኪና ገዝቷል። ባለፈው ወር በአንድ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲፈትናት አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ረጅሙን ኩርባ ስንይዝ የሞተሩ ዘይት ወደ አንድ ጎን ሸሸና የዘይቱ ግፊት መለኪያ መርፌ ዜሮ ላይ ወደቀ። ቶሎ እንዲገባው ብዬ በዕብራይስጥ «ኤን ላኻጽ!» ስል ጮህኩ፤ ግፊት የለም ማለቴ ነው። ለካ በዚህ አገር ወጣቶች አነጋገር «አትጨነቅ» ማለትም ኖሯል! «ናኾን አባ፣ ኤን ላኻጽ!»፣ ልክ ነህ አባ ማለቱ ነው፣ ብሎ እየሳቀ ነዳጁን ይረግጥልሃል። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ነከሰና ቀጥ አለ።

ፈትተን ስናየው የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ብሮንዚኖች ተልጠው አልቀዋል። አዲስ አስገባን፤ ዘይቱ እንዳይሸሽም መያዣው ውስጥ ክፍልፍል በየድኩለት። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ያምራል። ኩርባ ላይ ግን አልሞከርነውም።

በኅዳር ሊፈትናት ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። ትናንት የኔን ወንበር ከመኪናዋ ነቅሎ አወጣው፤ ክብደት ለመቀነስ ነው አለኝ። አሁን ኩርባው ላይ ብቻውን ነው። ይህን የምጽፍልህ እሱው ላይ ተቀምጬ ነው።

ሌላ ወሬ የለም። ደብዳቤው ሲደርስህ ደውልለት፤ የመኪናዋን ነገር ግን አታንሣበት። እንዲያው ስለ ልጅነቱ አጫውተው። አንተ «ቁም!» ስትለው እኮ በአንድ እግሩም ቢሆን ይቆም ነበር።

ፈጣሪ ሁላችንንም በደህና ያገናኘን።

ታናሽህ አለልኝ