ማንም ያልጠየቃት ልጅ

ሰኞ፣ ጥር 4

እንደ ሁልጊዜው ሰኞ። የቢሮው በር ዛሬም በትከሻ ካልገፉት አልከፈት አለ። ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ መዝገብ። ፍርድ ቤቱ ለአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጠበቃ አድርጎ መድቦኛል። በሕፃናት ጉዳይ የመጀመሪያዬ ነው... ደስም አለኝ፣ ፈራ ተባም አልኩ።

አርባ አንድ ገጽ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እናቷ በሕይወት የለችም፣ አባቷ የት እንዳለ አይታወቅም። ያሳደጓት ወንድ አያቷ ናቸው፤ ልብስ ሰፊ፣ መስማት የተሳናቸው። ከአምስት ሳምንት በፊት የፈላ ውሃ እጇን አቃጠላት። ጎረቤት በሩን ብትደበድብ የሚከፍት ጠፋ። "አያትየው የልጅቷን ጩኸት ባለመስማታቸው..." ይላል የማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሪፖርት። ልጅቷ ሕፃናት ማቆያ ገባች። አሁን ጥያቄው እዚያው ትቅር ወይስ ወደ አያቷ ትመለስ ነው።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየውም። ሪፖርቱ ልክ መሰለኝ። የማይሰማ ሰው ልጅ እንዴት ይጠብቃል? ዳሩ ላይ በእርሳስ "እስማማለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

እራት ላይ እማዬ፣ "ዛሬስ ማንን አስፈታሽ?" አለችኝ። ለእሷ ጠበቃ ማለት እስረኛ የሚያስፈታ ነው፣ አለቀ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ማቆያው ሄድኩ። ረጅም ክፍል፣ አሥራ ሁለት አልጋ፣ ሁሉም እኩል የተነጠፈ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ግራ እጇ ላይ ጠባሳ። ሰላም አልኳት። ዝም። "ምን መጫወት ትወጃለሽ?" ዝም። "አያትሽ ናፈቁሽ?" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"አትድከሚ፣ ከመጣች ጀምሮ ቃል አልወጣትም" አለችኝ ሞግዚቷ። ሪፖርቱም "የንግግር ችግር ይታይባታል" ይላል።

አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ተባብለን ተቀመጥን። ምን ዓይነት ጠበቃ ነኝ እኔ?

ዓርብ፣ ጥር 8

አያትየው ቤት። አንዲት ክፍል፣ የስፌት መኪና፣ በየማዕዘኑ ቁርጥራጭ ጨርቅ። እንዴት ብዬ ላንኳኳ እያልኩ ስጨነቅ በመስኮት አዩኝ። ቀስ ብዬ ሳወራ ከንፈር ያነባሉ። ያልገባቸውን እጽፍላቸዋለሁ። መልሳቸውን በስፌት ጠመኔ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይጽፋሉ። ጽሕፈታቸው ከእኔ ያምራል።

"ልጅቷ ማቆያ ስትገባ ፍርድ ቤት ምን አሉዎት?" አልኳቸው።

"አላውቅም" ብለው ጻፉ። "ዳኛዋ ወረቀት እያየች ነበር የምታወራው። ከንፈሯ አልታየኝም።"

ገጽ ዘጠኝ ትዝ አለኝ፦ "አያትየው ተቃውሞ አላቀረቡም።" አስተርጓሚ ሳይመደብላቸው! ፊቴ ጋለ። እኔስ አንብቤው አልፌ የለ?

ስወጣ የልጅቷን ስም በምልክት አሳዩኝ። ሚጢጢ ነው የሚሏት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጉንጭን ቆንጠጥ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ተናገረች!!

ፊቷ ቆሜ ጉንጬን ቆነጠጥኩ። አየችኝ... አየችኝ... ከዚያ "አጣመምሽው" አለች። ድምጿ ጎርነን ያለ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ጣቴን ይዛ አስተካከለችልኝ።

"እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?"

"አባባን ደንቆሮው ብለው ነው የጠየቁኝ። ኮረፍኩ።"

አምስት ሳምንት ኩርፊያ! እኔ አምስት ደቂቃም አልችል።

"ውሃው ሲያቃጥልሽ ጮኽሽ?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። "እንደማይሰማ እያወቅኩ ለምን እጮሃለሁ? ወለሉን በእግሬ መታሁት። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ያውቃል። ሮጦ መጣና እጄን ቧንቧ ሥር ያዘው።"

"ጎረቤቷ የወለሉን ድምፅ ሰምታ በሩን ስትደበድብስ?"

"እኔ ሰምቻለሁ። ነገርኩት። ግን እጅሽን አለቅም አለ። ውሃው ብዙ መፍሰስ አለበት።"

አርባ አንድ ገጽ ስለ እሷ ተጽፏል። እሷ ያለችው አንድ መስመር የለም። ማንም በወጉ አልጠየቃትም... እኔስ? ከፈረድኩ በኋላ አይደል የጠየቅኳት? ቤት እንደገባሁ ላጲስ ፈለግኩ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ጥምቀት ነው፣ እኔ ግን መዝገብ ላይ። ገጽ አሥራ ሰባት! የክሊኒኩ ሐኪም፦ "ቃጠሎው ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ በመያዙ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።" እዚያው ቁጭ ብሎ ኖሯል። ሁላችንም ዘለልነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ችሎት። አያትየው ራሳቸው የሰፉትን ኮት ለብሰው መጡ። ዳኛዋ ገና ከመጀመሯ ተነሳሁ። "ክብርት ዳኛ፣ አያትየው የሚባለውን አይሰሙም። አስተርጓሚ ሳይኖር ከቀጠልን እሳቸው በሌሉበት እንደ መፍረድ ነው።"

"ዛሬ አስተርጓሚ የለንም" አለች። "ቀጠሮ ከሰጠሁ ልጅቷ ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ማቆያ ትቆያለች። አስበውበታል?"

"አስቤበታለሁ" አልኩ። ለጥር 26 ተቀጠረ።

ለሚጢጢ ማን ይንገራት? እኔው ነገርኳት። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ለሦስተኛ ጊዜ ለመንኳት። "አብረን ቤታቸው እንሂድ፣ በዓይንሽ እዪ።"

"ስንት ልጅ እንዳለብኝ ታውቂያለሽ? ስድሳ ሦስት!" መዝገቡ ጠረጴዛዋ ላይ ተቆልሎ ፊቷ አይታይም። ክፉ ሴት አይደለችም። የደከማት ሴት ናት። በመጨረሻ "ግማሽ ሰዓት ብቻ" አለች።

አያትየው ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰፋሉ። በሩ ክፍት ነው። "ወለሉን ምቺው" አልኳት። በጫማዋ አንዴ መታችው። ወዲያው ዞሩ። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ሆነ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሁሉንም ልጻፈው።

ዳኛዋ መጀመሪያ ሚጢጢን ቢሮዋ አስገብታ ብቻዋን አነጋገረቻት። በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከውስጥ ዷ! ዷ! የሚል ድምፅ። ወለሉን እየመታች እያሳየቻት ነው! ሳቄን በመዝገቡ ሸፈንኩ።

ከዚያ ችሎት። አያትየው በእጃቸው ተናገሩ፣ አስተርጓሚው በድምፁ። "የልጅ ልጄን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ሲያማት ከአረማመዷ አውቃለሁ። ስትዋሽ ከትከሻዋ አውቃለሁ። ጆሮ የለህም በሉኝ፣ እውነት ነው። ልጅህን አታውቃትም ግን አትበሉኝ።"

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል አቀረብኩ፣ ገጽ አሥራ ሰባትን አነበብኩ። ሳልጨርስ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ተነሳች። "ሪፖርቴን ማረም እፈልጋለሁ። ልጅቷ ዝም ስትለኝ መናገር አትችልም ብዬ ጻፍኩ። ተሳስቻለሁ።" ይህን ሰው ፊት ማለት ቀላል ነው? ኮራሁባት።

ውሳኔ፦ ወደ አያቷ ትመለስ። ደወል ሲደወል የሚበራ መብራት ይገጠም። ሠራተኛዋ በየወሩ ትጎብኝ፣ እኔም ሦስት ወር ልከታተል።

አስተርጓሚው ውሳኔውን በእጁ ሲያሳያቸው አያትየው አላመኑም። ድገመው አሉት። ደገመ። አሁንም ድገመው። ዳኛዋ ሦስቴ እስኪደገም ዝም ብላ ጠበቀች።

ኮራሁ። በልጅቷ፣ በአያትየው... በራሴም ትንሽ። ምን አለበት?

ረቡዕ፣ ጥር 27

እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። በእሷ አፍ ዳኛዋ ሳትቀር አልቅሳለች። አላለቀሰችም። እኔ እስካየሁት...

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። አያትየው "አብረሽን ነይ" ብለው ጽፈውልኝ ሄድኩ። ሚጢጢ መምህሯና አያቷ መሃል ቆማ ታስተረጉማለች።

"ጎበዝ ናት፣ በተለይ ሒሳብ ላይ" አለች መምህሯ። "ወሬዋ ግን! ሦስቴ ቦታ ቀየርኩላት፣ የትም ብትቀመጥ ጎረቤቷን ታስለፈልፋለች።"

ቃል አይወጣትም የተባለችው ልጅ!

ሚጢጢ የመጀመሪያውን ብቻ ተረጎመች። ረዘም አድርጋ፣ ከራሷም ጨምራ መሰለኝ። አያትየው በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ መምህሯ አፍ እያመለከቱ በእጃቸው አንድ ነገር አሉ። ሚጢጢ አንገቷን ደፋች።

"ምን አሉ?" አለች መምህሯ።

"ከንፈርሽን አንብቤዋለሁ ነው የሚልሽ..."

አያትየው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኛም ሳቅን። ሚጢጢ ብቻ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ጠበቃዬ አይደለሽ? ተናገሪልኝ እንጂ!"

ለዚህኛው ክስ ግን ጥብቅና አልቆምኩላትም።