ሦስቱ መርፌዎችና ተረከዜ

መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.
ዛሬም ግድግዳ ይዤ ተነሣሁ። ደብተሬ፣ አንተን ካላሰለቸሁ ማንን ላሰልች። የግራ ተረከዜ ሚስማር የተተከለበት ይመስላል። ቅዳሴ ላይ ይብሳል፤ ባዶ እግር፣ ጥርብ ድንጋይ፣ ሦስት ሰዓት መቆም። በደብሩ ያለነው ሁለት ቄስ ብቻ ነን፣ እኔና ቄስ አዳሙ። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ ይታጎላል።

የእንጅባራው ድሬሰር ዳሌዬ ላይ ፔኒሲሊን ከወጋኝ ሳምንት ሆነ። ለውጥ የለም። አሁን ዳሌዬንም ያመኛል።

መጋቢት ፬፣ ዳንግላ
በጭነት መኪና መጣሁ፤ ከገበያው እስከ ክሊኒኩ በጋሪ። ሐኪሙ ኮርቲዞን የሚባል መድኃኒት እዚያው ተረከዜ ውስጥ ወጋኝ። ያገሬን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። ሁለት ሳምንት እንዳልቆም አዘዘ። ቄስ ነኝ፣ ጾም ነው አልኩት። ትእዛዙን ደገመው።

መጋቢት ፱፣ እሑድ
ረቡዕም ዓርብም ታጎለ። ዓርብ ከጥርባ መንደር በኩል ሕፃን ክርስትና ሊያስነሡ መጥተው ተመለሱ። እናቲቱ ቤቴ ደጃፍ ቆማ አየችኝ፤ ተቀምጫለሁ። አፈርኩ።
ዛሬ ገብቼ ቀደስኩ። ሕመም የለም። ኮርቲዞኑ ሠርቷል።

መጋቢት ፲፮
ተመልሷል፤ ከፊቱ የባሰ። መድኃኒቱ ምን አጠፋ፣ አላርፍ ያልኩት እኔ። ድሬሰሩ ሌላ መርፌ አለኝ ይላል፣ ማደንዘዣ። አያድንዎትም፣ ግን ለቅዳሴው ያቆምዎታል አለኝ። የዳንግላው ይሻላል፤ ግን ቁጭ ያደርጋል። ማደንዘዣውን መረጥኩ።

መጋቢት ፲፱፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ፲፩ ሰዓት
የጾም ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው። ድሬሰሩ ቤቴ መጥቶ ወጋኝ። ጠብታ ደም ወጣ። በጥጥ ይዤ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ ይህ ደም አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ገባሁ። እግሬ የሌለ ያህል ቀለለኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።
የቅዳሴው እኩሌታ ላይ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። ወደ ታች አየሁ። ከዕጣኑ ጽና ፍም ወድቆ ኖሮ ቆሜበታለሁ። ቆዳው ተገሽልጦ ድንጋዩ ላይ ደም አለ።
ደም የሚፈሰው ካህን ከመቅደስ ይወጣል። ብወጣ ቅዳሴው ይቋረጣል። ልብሰ ተክህኖዬን ለቀቅ አድርጌ ሸፈንኩት። አልወጣሁም። አቆረብኩ።

መጋቢት ፳፣ ጧት
አልተኛሁም። ባለቤቴ ቁስሉን አጠበችልኝ።
አዳሙ ሊጠይቀኝ መጥቷል። አቋቋምህ ትናንት ያምር ነበር፣ አንተ ባትኖር የደብሩ ደጅ ይዘጋ ነበር አለኝ። ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ነገ ቅዳሴ ሊያወራኝ ይጠብቃል። ብነግረው ክህነቴ ሊታገድ ይችላል፤ ደብሩም ያለ ቅዳሴ ይከርማል። ባልነግረው ነገ እንዲሁ እገባለሁ፣ እሑድም እንዲሁ፤ ቀስ በቀስ ይቀለኛል። ከተረከዜ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።
ልነግረው እወጣለሁ።