ስለሰጠኸኝ የመንዳት ኮርስ

ሌቨል ክሪክ፣ ቴክሳስ
ቅዳሜ፣ ጁን 8

ለዶይል፣ ኦዴሳ ላለኸው፦

እንደምን ሰንብተሃል ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ደህና ነኝ ካልከኝ ቀኑን ሙሉ እናደዳለሁ፤ ደህና አይደለሁም ካልከኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን በምን ፊቴ እቆማለሁ? ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። ውሻህ ስምህ ሲጠራ ጆሮውን ማቆም ትቷል።

ሳምንቱን ሙሉ ስትደውል ያላነሳሁት በጽሑፍ ልነግርህ ስለፈለግሁ ነው። ሰርተፊኬቱ ደርሷል። ትናንት በእጄ ይዤው ፍርድ ቤት ሄጃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብብ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ ላስታውስህ፤ አንተ የሚመችህን ብቻ ነውና የምታስታውሰው። በማርች ጀልባህን ከጎተራው ልትወስድ ትዋይላን ይዘህ መጣህ። እሷ ከፒካፑ አልወረደችም። ባዶ እግሯን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ፣ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ፣ ቤቴን ልትገዛው እንደመጣች ሰው ታየው ነበር። እኔ ሞኟ ያን ዕለት ጠዋት አንተ የምትወደውን የፒካን ለውዝ ኬክ ጋግሬ ነበር። ወደ ቤት ግን አልገባህም። ለውሻው ሰጠሁት።

ከዚያ ከኮረብታው ስትወርድ ሎኒ ፕሩት ያዘህ። የሸሪፉ ረዳት ሎኒ ከጥጥ መዳመጫው ጀርባ መኪናውን ደብቆ እንደሚቆም፣ እዚያም ላይ ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት፣ የዚህ ከተማ ዶሮ እንኳ ያውቃል። የዘነጋኸው አንተ ብቻ ነህ፤ ከዚህ ለመሄድ ቸኩለህ ነበርና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጀልባውም ከኋላህ እየዘለለ ነበር አሉ።

ይኼኔ ሌላ ሰው ቢሆን ቅጣቱን ተቀብሎ ወደ አዲሷ ሴት ቤት ይሄዳል። አንተ ግን ዓይንህን በጨው ታጥበህ ተመልሰህ በሬን አንኳኳህ።

"ኔልዳ፣ ያቺን ኮርስ እንደ ድሮው ጨርሺልኝ" አልከኝ።

"የቷን ኮርስ?"

"የጥንቃቄ አነዳዷን ነዋ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ? ታውቂኝ የለም እንዴ? ካልጨረስኩ ደግሞ ቅጣቱ መዝገቤ ላይ ይወጣል፣ ኩባንያው ፒካፑን ይነጥቀኛል። የነዳጅ ጉድጓዶቹን በምን ልዙር፣ በጀልባ?"

"ትዋይላ አትሠራልህም?"

"እሷ ትዕግሥት የላትም። አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ፣ የኔ ማር።"

የኔ ማር! ጀልባው ተጭኖ፣ ሴትዮዋ ፒካፑ ውስጥ እግሯን ሰቅላ፣ እኔ የኔ ማር። እሺ አልኩህ። ወረቀቱን ስቀበልህ ፈገግ ማለቴን ደግነት አድርገህ ወሰድከው፤ ትዋይላም ስትነሱ እጇን አወዛወዘችልኝ።

አልፈርድብህም፣ ያስለመድኩህ እኔ ነኝ። በዚህ አገር ባል ሲቀጣ ሚስት ትማራለች፣ እሱ ዓሣ ያጠምዳል። የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ ኦፓል ስትቀልድ፣ ሰርተፊኬቱ ያለው ወንዶቹ ጋ ነው፣ ጥንቃቄው ግን ሚስቶቻቸው ጋ ነው ትላለች። እኔም ሁለት ጊዜ ተቀምጬልህ፣ አንተ ቀኝ እጅህን አንሥተህ "ራሴ ነኝ የተማርኩት" ብለህ ኦፓል ፊት ምለሃል። እኔ ከጎንህ ቆሜ ጣሪያ ጣሪያውን አይ ነበር።

አሁንም ተቀመጥኩ። ገጹ የተሰጠው ሰዓት ካላለቀ አይገለጥም፤ ብታነበውም ባታነበውም ትጠብቃለህ። ስለ ፍሬን፣ ስለ ዝናብ፣ ከፊትህ ካለው መኪና ስለ መራቅ ተማርኩ። በንዴት መንዳት የሚል ምዕራፍም አለው። ከማስነሣትህ በፊት በረዥሙ ተንፍስ፣ ያስቀየመህን ሰው ይቅር በል ይላል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! ተነፈስኩ እንጂ ይቅር አላልኩም፤ ፈተናው ላይ ግን የሚፈልጉትን መልስ መለስኩላቸው።

ከሁሉም የበለጠው እግራቸውን ዳሽቦርድ ላይ ስለሚሰቅሉ ሰዎች የሚናገረው ገጽ ነበር። መኪናው ከተጋጨ ኤርባጉ ተነፍቶ ጉልበታቸውን መልሶ ፊታቸው ላይ ይወረውረዋል። ሥዕልም አለው። ሰዓቱ ካለቀ በኋላም እዚያው ገጽ ላይ ቆየሁ። ለትዋይላ ንገራት። ወይም አትንገራት።

ትናንት ሰርተፊኬቱን ይዤ ኦፓል መስኮት ላይ ቀረብኩ።

"እሰይ፣ የዶይል ደረሰ" አለች።

"መነጽርሽን አድርጊና አንብቢው።"

አደረገች። "ኔልዳ ፌይ፣ ይሄ እኮ ያንቺ ስም ነው!"

"የኔ ነዋ። የተቀጣሁት እኔ፣ የተማርኩት እኔ።"

"የዶይልስ? ቀኑ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።"

"የዶይልን ዶይል ይጨርሰው።"

ኦፓል ከት ብላ ስትስቅ ዳኛው ከውስጥ ብቅ ብሎ ምን ሆናችሁ አለን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ዶይል። ያንተን ኮርስ አንዲት ገጽ አልከፈትኩትም። ወረቀትህ ከሰጠኸኝ ቀን ጀምሮ የዶሮዎቹ ጎጆ ውስጥ ነው፤ እንቁላል እየተጣለበት ነው። ቅጣቱ መዝገብህ ላይ ይወጣል፣ ኩባንያህም ሰኞ ወይ ማክሰኞ ያየዋል። ፒካፑን ሲወስዱት ትዋይላ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ከጉድጓድ ጉድጓድ ታዞርህ። ከረፋዱ በፊት አትነሣም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እግሯንም ፍሬን ላይ ማድረግ ሊኖርባት ነው።

ኔልዳ ደግሞ መቼ ተቀጣች ትላለህ። ኤሊ ትቀድምሻለች እያልክ ስንት ዓመት ስቀህብኛል። እንግዲህ ስማ። በኤፕሪል ወር፣ በአንዱ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ደወሉልኝ። ኦዴሳ አካባቢ፣ አንተ በምትሠራበት መስክ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ተቃጥሏል፣ አንድ ሠራተኛ ሆስፒታል ገብቷል፣ ስሙ አልታወቀምና ጸልዩ አሉ። እኔ ግን በዚያ ምክንያት አልወጣሁም። የዶሮ መኖ አልቆብኝ ነው የወጣሁት። ሎኒ አስቆመኝ።

"እትዬ ኔልዳ፣ በሰማንያ ስምንት ማይል እኮ ነው የሚነዱት። ወዴት ነው?"

"የዶሮ መኖ ልገዛ።"

"ዛሬ እሁድ ነው። መኖ ቤቱ ዝግ ነው፤ ደግሞም በወዲያ በኩል ነው።" ነጠላ ጫማዬን አየ፣ የሌሊት ልብሴን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ ዶይል ደህና ነው። የተጎዳው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም እጁን ብቻ። ደውዬ ጠይቄያለሁ።"

"ስለ ዶይል ማን ጠየቀህ?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"እንግዲያው ቅጣትህን ጻፍና ሥራህን ሥራ!"

"ኧረ አልጽፍም። ቀስ ብለው ወደ ቤትዎ ይመለሱ።"

"ሎኒ ፕሩት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ስለ መዋሸት ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ። ጻፍ!"

ጻፈ። ከሄደ በኋላ መኪናዬን አዙሬ መኖ ሳልገዛ ተመለስኩ። ዶሮዎቹ የነበራቸው በቂ ነበር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኮርሱ የሚማረው ሌላ ሰው እንዳይሆን በየመሀሉ እያቋረጠ ማንነትህን ይጠይቅሃል። ጥያቄውን መጀመሪያ ስትመዘገብ አንተው ትመርጣለህ። ላንተ ስማርልህ የመጀመሪያ ውሻህን ስም መርጬ ነበር። ለራሴ ግን፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መንዳት ያስተማረህ ማን ነው የሚለውን ነካሁ። በአባትህ ጥጥ ማሳ ዳር ያቺን አሮጌ ፒካፕ ሰጥተኸኝ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ፣ ቀስ፣ የኔ ማር ስትለኝ፣ እኔም አጥሩን ይዤው ስሄድ ነበር የተማርኩት። ስለዚህ ማሽኑ በጠየቀኝ ቁጥር ዶይል ብዬ ጻፍኩ። እኔ ኔልዳ መሆኔን ለማሳመን ቀኑን ሙሉ ያንተን ስም ስጽፍ ዋልኩ። ከጀልባውም ከትዋይላም ይልቅ ለዚህ አልምርህም።

እግዚአብሔር ከእሳት ይጠብቅህ፣ ከጉድጓድ ጋዝም ይሰውርህ። ከእኔ እንዲጠብቅህ ግን አልለምነውም።

ከኦዴሳ የሚመጣው አውቶቡስ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ማደያው ጋ መቆም ጀምሯል። ና ማለቴ አይደለም፣ የከተማውን ወሬ ነው የምነግርህ። ፒካፕ የሌለው ሰው ድንገት ከዚያ አውቶቡስ ቢወርድ ግን፣ የኔ መዝገብ ንጹህ ነው። መሪውን እኔ እይዛለሁ። እሱ ከጎኔ ይቀመጣል፣ እግሩን ታች አድርጎ።

በወረቀት አሁንም ሚስትህ የሆነችው፣
ኔልዳ ፌይ