መኪናዋን ራሷን ለምርመራ በማምጣቴ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኮልፌ ቀራንዮ
የጠዋቱ ሒሳብ፦ የተሸጠ፣ ሁለት የፍሬቻ አምፖልና አንድ የዝናብ መጥረጊያ፤ የተመለሰ፣ አንድ መኪና።

ለተከበሩ አቶ ባምላኩ
የሰፈራችን የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ማኅተሙን ለሚይዘው ቀኝ እጅዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ኮልፌ ገበያ ዳር የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ፣ የገባውንና የወጣውን በየቀኑ ደብተሬ ላይ የማሰፍር ነጋዴ ስሆን፣ ከታላቋ ልጄ በሦስት ዓመት የምትበልጥ ቀይ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አለችኝ። ይህን ደብዳቤ በሱቄ መስኮት ላይ የለጠፍኩት ምስጋና ተሸሽጎ ሲቀር ስለማልወድ ነው።

ደብተሬ እንደሚያስረዳው፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት መኪናዬ በጣቢያዎ አንድም ጊዜ ወድቃ አታውቅም፤ አንድም ጊዜ መጥታም አታውቅም። በየዓመቱ ጉዳይ አስፈጻሚው ወንድዬ ሊብሬዋን በፌስታል ይዞ ወደ እናንተ ይመጣና ከምሳ በፊት ቦሎውን ይዞልኝ ይመለስ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የቀኝ የፊት መብራቷ አይበራም፤ መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉላት እግረኛው ወዳለበት ወደ ቀኝ ትስባለች፤ አንድ ጉድጓድ ከነካችም እስከሚቀጥለው ፌርማታ ድረስ ስትነጥር ትሄዳለች። ወረቀቷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነበር፤ ለዚህ ውለታዎ እስከ ዛሬ ሳላመሰግንዎ በመቅረቴ አፍራለሁ።

ጥፋቴ የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው። በአንድ ጭጋጋማ ማለዳ፣ ከቆሼ የቆሻሻ ክምር ፕላስቲክ ለቅማ የምትተዳደር አልፊያ የምትባል ሴት ጆንያዋን ተሸክማ ረጲ አካባቢ በመንገዱ ቀኝ ዳር ስትሄድ፣ ባልበራው መብራት በኩል ስለነበረች ሳላያት ቀረሁ፤ መኪናዬም በልማዷ ወደ እሷ ስባ ጆንያውን ከጀርባዋ ገፍፋ ጣለችው። እሷን በአንድ ስንዝር ሳትናት። የተበተነውን አብረን ስንለቅም፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ ቀና ብላ አይታ “እትዬ፣ ይሄን የለጠፈልሽ ሰው ዓይን አለው?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መኪናዋን ወስጄ አሠራኋት።

ሁለቱም የፊት መብራቶች በአዲስ ተቀየሩ፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን እንዳይወጉም ብርሃናቸው ግድግዳ ላይ ተለክቶ ዝቅ ተደረገ። አራቱም ሞላዎችና ሾክ አብዞርበሮች አዲስ ገቡ፤ የጎማዎቹ አላይመንት ተስተካክሎ መኪናዋ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች። እኔም በዚህ ሰክሬ፣ ዛሬ ማለዳ የወረቀቱን ጉዳይ ከነመኪናው ይዤ በመምጣት የጣቢያዎን ሰላም አወክሁ። የበር ጠባቂዎ “መኪናዋን ደግሞ ለምን አመጣሻት?” ሲሉኝ ምልክቱ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ ያገኘሁትን መስተንግዶ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. መብራቱን በተመለከተ፣ ወጣቱ መርማሪዎ ሞቲ ሁለቱም እንደሚበሩ በገዛ ዓይኑ ካየ በኋላ “ማዘር፣ ይሄ ከፋብሪካ የመጣው አይደለም፤ የድሮውን አስገጥመሽ ነይ” ሲል መክሮኛል። የድሮው እንደማይበራ ባስረዳውም “አይብራ፣ ኦሪጂናል ነው” በማለት በሃያ ዓመት የንግድ ሥራዬ ያልደረስኩበትን እውቀት ስላካፈለኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. የአላይመንት መለኪያ ማሽናችሁ ከሚያዝያ ጀምሮ ሸራ ለብሶ ዕረፍት ላይ በመሆኑ፣ ሞቲ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካ። ጉድለት ቢያጣ ጊዜ “በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ቀጥ ማለቷ ያጠራጥራል” ብሎ በቅጹ ላይ አሰፈረ።

3ኛ. ኮፈኑን በሁለት እጁ ተጭኖ ሲለቀው መኪናዋ አንዴ ተነሥታ ጸጥ አለች፤ ደግሞ ተጫናት፣ ደግሞም ጸጥ አለች። ከእኔ በፊት የነበረው ሚኒባስ ተጭነው ሲለቁት ረዘም ላለ ጊዜ ተወዛውዞ አልፎ ነበርና፣ የእኔዋ “ደርቃለች” ተብላ ወደቀች። ባለ ሚኒባሱ “እትዬ ሌሊሴ፣ ትንሽ አታስጨፍሪያትም ነበር!” እያለ ሲወጣ እኔም ስቄአለሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ያ ሚኒባስ አሥራ ሁለት ሰው እንደሚጭን ትዝ አለኝ።

4ኛ. የአሁኑ ቦሎዬ ቅዳሜ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከግቢ መውጣት አትችልም። ወንድዬ ይህን ሰምቶ እየሮጠ መጣና “ሊብሬውን ለኔ ስጪኝ፣ እሷን ቤት ደብቂያት፤ ማን አውጪያት አለሽ?” ብሎ ተቆጣኝ። እንግዲህ የቀረልኝ አልፊያን ያላሳየኝን መብራት መልሼ መግጠም፣ አለዚያም ሊብሬውን በፌስታል መላክ ነው። ሁለቱም ከእርስዎ ማኅተም ዘንድ ያደርሳሉ፤ በመንገድ ዳር በእግሩ የሚሄደው ሰው ግን ከሁለቱም ምንም አያተርፍም።

መኪና ሳያዩ የማሳለፍ፣ አይተው የመጣል ጥበብዎን እያደነቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ እርስዎም በእግርዎ መንገድ ሲሻገሩ የሚመጣው ሹፌር እንዲያይዎት ከልብ በመመኘት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዘጠኝ ዓመት ደንበኛዎ
ሌሊሴ ገሜዳ

የተረሳ ነገር፦ በጣቢያዎ ግቢ ጥላ ሥር የቆመችው የእርስዎ ነጭ መኪና የግራ የፊት መብራቷ ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል፤ የዘንድሮው ቦሎ ግን አምሮ ተለጥፎባታል። እርስዎም እንደ እኔ በወንድዬ ልከው እንደሆነ ገምቻለሁ፤ ቢሮዎ ከመኪናዋ አሥራ አምስት እርምጃ መራቁን ስለማውቅ አልፈርድብዎትም። ልኳ የሆነ መብራት ከመደርደሪያ አውርጄ በስምዎ አስቀምጫለሁ። ኦሪጂናል አይደለም፤ ይበራል።

ነገ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናዋን እንዳለች፣ ምንም ሳይነቀል፣ ለድጋሚ ምርመራ መውሰድ።