ሾርባው ይቅርበት

ለባለቤቴ እናት፣ ለእኔም እናቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? ከደጅዎ በረዶ ላይ የደረቀው ዓሣ በደህና ደርሶኛል። እኔ አለሁ፣ ይሄም መኖር ከተባለ። የዘንድሮ የቡሳን ነፋስ አያድርስ ነው።

የባለቤቴ የዶንግሶ ሙት ዓመት ደረሰ። እኔ እንደማልመጣ ያውቃሉ። የቀብሩ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ለሟች ብሎ የሶጁ አረቄ ሲቀዳ መለኪያውን ከእጁ መትቼ ስለደፋሁት፣ ታላቁ አጎታችን "ይቺ ሴት ሁለተኛ እኔ ያለሁበት ሥርዓት ላይ እንዳትቆም" ብለዋል። ይሁን፣ አልቆምም። ኢንሆ ግን ይመጣል። ለአባቱ የተቀዳውን ጽዋ የሚጠጣው የበኩር ልጅ ነውና እሱ ነው የሚጠጣው። እናቴ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ልጄን መጠጥ እንዳያጠጡብኝ።

ዶንግሶን ያውቁታል። አንድ መለኪያ ሲቀምስ አንገቱ በርበሬ ይመስላል፣ ደረቱ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሙሽራ ሆኜ ስገባ ደንግጬ ብነግርዎ፣ "አባቱም እንዲሁ ነው፤ ደሙ ስለሚሮጥ ነው፣ ጤና ነው። መጠጥ ይለመዳል። አንቺ ብቻ ጠዋት ጠዋት ስካር የሚያበርደውን የዓሣ ሾርባ አትንፈጊው" አሉኝ። ዓሣውን በዱላ መቀጥቀጥ፣ መተልተል፣ በሰሊጥ ዘይት ማመስ፣ ከዚያ ፍጅልና የባቄላ ቡቃያ ጨምሮ ማንተክተክ፤ ሁሉንም አስተማሩኝ። ስቀጠቅጥ ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ "ዛሬ ደግሞ ዓሣውን ነው ባልሽን?" ትለኝ ነበር። "ባሌንማ አለቃው ይበቃዋል" እላታለሁ። እንስቅ ነበር እኮ።

አለቃ ሲቀዳ እምቢ አይባልም። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ይጨልጠዋል። "አያችሁ እንዴት እንደሞቀው? ድገሙለት" ይላሉ። ቤት ገብቶ ሲያስመልስ ያድራል። ጠዋት ሾርባውን ሲጠጣ ላብ ላብ ይለዋል፣ ፊቱ ይመለስለታል፣ "አንቺ እኮ ከሞት ታስነሺኛለሽ" ብሎኝ ከረባቱን አስሮ ይሄዳል። ለማታው ይቀዱለታል።

ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄጄ ምን ላብላው ብዬ ጠይቄ ነበር። "ለዚህ የሚሆን ምግብ የለም። ሰውነቱ መጠጥ መፍጨት አይችልም፣ ለሱ መርዝ ነው። በዘር የሚወረስ ነው። ስለሚበላው ተይና ስለሚጠጣው ጠይቂኝ" አለኝ። ለእርስዎ ብነግርዎ "ሐኪም ምን ያውቃል፣ ፍጅሉን ጨምሪ" አሉኝ። ጨመርኩ። ወይ ነዶ! በመጨረሻ ጉሮሮው በዕጢ ተዘግቶ ሾርባውም አልወርድ አለው። የዶንግሶ አባትም እህል አልወርድ ብሏቸው አይደል የሞቱት? እርስዎ ሐዘን ነው ይሉ ነበር እንጂ።

የቀብሩ ዕለት አጎታችን ጽዋውን ለኢንሆ ሰጥተው "የአባትህ በረከት ነው" አሉት። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ጠጣ። አንገቱን አየሁት። ያ አንገት የዶንግሶ አንገት ነበር። በማግስቱ እርስዎ ዓሣውን ሲቀጠቅጡ ሰምቼ ነቃሁ። ኢንሆ ሳህኑን ጨርሶ "እማ፣ አታካብጂ፤ የአያቴ ሾርባ እያለ ምን እሆናለሁ?" አለኝ።

በጸደይ አለቃው በአባቱ ቦታ ሊቀጥረው ነው፣ ውለታ መሆኑ ነው። ስነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። "አባቴን የገደለው በሽታ ነው" ብሎ በር ዘግቶብኝ ይወጣል። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚሉት ይሄ ነው? አንጀቴ አርሮ አለቀ፣ እናቴ። የምይዘው ጠፋኝ።

ለዶንግሶ የማያሰክረውን ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ይቅዱለት። ሙት አይቆጣም። ኢንሆም ያንኑ ይጠጣ። አጎታችን አሻፈረኝ ብለው ሶጁውን ካጠጡት ግን፣ በማግስቱ ሾርባውን አይሥሩለት። ይተኛ፣ ያስመልስ፣ ያቃስት። አንድ ቀን እንኳ መታመሙን ይወቀው። የልጅ ልጅ ሲያቃስት ቁጭ ብሎ መስማት ጭካኔ እንደሚመስልዎ አውቃለሁ። እኔም ለባሌ አልቻልኩበትም ነበር።

ዓይንዎን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ደብዳቤዎቼን ይዞ እየመጣ የሚያነብልዎ ኢንሆ ነው። ይህንንም እንደ ልማዱ ከጎንዎ ተቀምጦ ያነብልዎታል። ፖስታውን አሽጌ ነው የሰጠሁት፣ ምን እንደጻፍኩ አልጠየቀኝም። ድምፁ ከተቋረጠ አያስቸኩሉት። እጁን ይያዙልኝና እስኪጨርስ ይጠብቁት።

ዕድሜና ጤና አይጉደልብዎ። ክረምቱ ይቅለልልዎ።

ምራትዎ፣
የኢንሆ እናት